ወደ ኮንኮርድ የሚሄደው ሰው

ዌንትፊልድ፣ ኒው ሃምፕሺር
ጃንዋሪ 14 ቀን 1847

እህት ዓለም ተርዛ፣

«ዘንድሮስ ለክሬን አንድ ነገር ልንሰጠው ይገባል።»

ይህን ያለው ኢኖስ ቲልተን ነው። ያለውም ትናንት፣ በገዛ ሱቁ፣ ከምድጃው ዙሪያ የከተማው ሽማግሌዎች እግራቸውን ሲያሞቁ ነው። እኔ ከበርሜሎቹ በስተኋላ ሚስማር እመርጥ ነበር። ሚስማሩን ትቼ በጓሮ በር ወጣሁ። ሰው በጎ ሲያወራልህ ቆመህ ማድመጥ ነውር ነው፤ ደግሞም የቀረውን ለመገመት ጠበቃ መሆን አያሻም። በዚህ ከተማ ክሬን የሚባል እኔ ብቻ ነኝ። ለእኔ ሊሰጥ የሚችል ነገርም አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ኮንኮርድ፣ በግዛቱ ምክር ቤት ውስጥ ያለው የዌንትፊልድ እንደራሴ ወንበር ነው። ከትናንት ጀምሮ ተቀምጬ መብላት አቅቶኝ ቆሜ ነው የምበላው።

ሰላምታን ከወሬ በኋላ ማምጣቴን ይቅር በዪኝ። አንቺ፣ ባልሽና ልጆቹ ክረምቱን እንዴት ይዛችሁታል? እኔ ደኅና ነኝ። ላሞቹም ደኅና ናቸው። የጎተራው ጣሪያ ብቻ ደኅና አይደለም።

ወደ ጥያቄዎችሽ ልመለስ። አዎ፣ ስወዳደር ይህ አራተኛዬ ነው። የለም፣ አላፍርም። ሦስቱንም ጊዜ የጣለኝ ዲያቆን በርባንክ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ በክረምት የከተማው አስተዳዳሪ ሆኖ እዚህ ይገዛናል፣ በበጋ እንደራሴ ሆኖ እዚያ ይወክለናል። ራሱ ያዘናል፣ ራሱ ያዝንልናል። አምና ግን እኔ ያረቀቅሁትን ደንብ የከተማው ሸንጎ አጽድቆታል፦ ማንም ሰው በአንድ ዓመት ከሸንጎው ሁለት ሹመት አይቀበልም፤ መጀመሪያ የተመረጠበት ይጸናል፣ ሌላው ይቀርበታል። አስተዳዳሪ የሚመረጠው በጠዋት፣ እንደራሴ የሚመረጠው ከምሳ በኋላ ነው። ዲያቆኑ ደግሞ አስተዳዳሪነቱን ከሚለቅ ነፍሱን ይለቃል፤ ይህን ያለችው ሚስቱ ናት። ስለዚህ በሸንጎው ቀን፣ ማርች ዘጠኝ፣ ሜዳው የኔ ነው። ደንቡን ብታነቢው ደስ ይልሻል። አይጥ የምታመልጥበት ቀዳዳ የለውም።

ስለ ወይዘሮ ሎቨል አሳማዎች ጠይቀሻል። ጉዳዩ በስምምነት አልቋል።

ካልሲ አትላኪልኝ፤ አለኝ።

ወንድምሽ አሳሄል

*

ኦሃዮ፣ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1847

ወንድሜ አሳሄል፣

እኛ በደኅና ከርመናል። ትንሹ ልጄ ጥርስ አወጣ፣ ባሌ ጥርስ አስነቀለ፤ የቤታችን የጥርስ ሒሳብ አልተዛባም።

ደስታህ ደርሶኝ እኔም ቆሜ በላሁ። ግን ኢኖስ ቲልተንን አፍንጫው ከሚፈስበት ዘመን ጀምሮ አውቀዋለሁ። «አንድ ነገር እንስጠው» ካለ ነገሩን አስቀድሞ መርጦታል ማለት ነው። ምን እንደመረጠ ሳትሰማ መውጣትህ ጨዋነት ነው። ጠበቃነት ግን አይደለም።

ስለ ደንቡ ብዙ አልናገርም። አባታችን «ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው» ሲል አንተም እኔም እንሰማ ነበር። ዕድሜ ለእሱ፣ እኔ ሰምቼ ቀረሁ።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። ኬዚያ ሎቨል ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድም ደብዳቤህ ያለእሷ አሳማዎች መጥቶ አያውቅም። በቆሎህን ገለበጡ፤ ከሰስሃት፤ አጥሩ ያንተ ግዴታ ነው ብላ መልሳ ከሰሰችህ፤ ዳኛው ሁለታችሁንም አባረረ፤ ይግባኝ አልህ። አሁን ደግሞ «በስምምነት አልቋል»። አሳሄል፣ አንተ በስምምነት የምትጨርስ ሰው አይደለህም። የእናታችን ቀብር ላይ ከካህኑ ጋር በመቃብሩ ወሰን የተከራከርህ ሰው ነህ። በምን ስምምነት? ማን ረታ?

ካልሲ አለኝ ማለትህስ ምንድን ነው? አንተ ከተወለድህ ጀምሮ ካልሲ ኖሮህ አያውቅም። ማን ሠራልህ?

እህትህ ተርዛ

*

ዌንትፊልድ፣ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1847

እህት ዓለም፣

ደብዳቤሽን በበረዶ ጋሪ ላይ ሆኜ አነበብሁት፤ ፈረሱ ብቻውን ወደ ኮንኮርድ መንገድ ዞረ። ፈረስ እንኳ አውቆታል።

ከተማው ሁሉ ተለውጧል። በመንገድ ሳልፍ ሰዎች ባርኔጣቸውን ያነሡልኛል፣ ከዚያም ዞር ብለው ይስቃሉ፤ የደስታ ሳቅ ነው። ዲያቆን በርባንክ ራሱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እጄን ጨብጦ «ዘንድሮ የምትፈልገውን ታገኛለህ፣ ክሬን» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ሽንፈቱን እንደዚያ በጸጋ የተቀበለ ሰው አላየሁም።

ንግግሬን ጽፌ ጨርሻለሁ። ስለ ባቡር መንገዱ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ወንዙ ዓሣ ነው። ኬዚያ፣ ወይዘሮ ሎቨልን ማለቴ ነው፣ አድምጣኝ «ሦስተኛውን ገጽ አውጣው፤ አሳማ በገመድ ስትጎትት እንኳ ይህን ያህል አትለፋም» አለች። አውጥቼዋለሁ። አልፎ አልፎ ስለ አጥሩ ልንነጋገር ስለምንገናኝ ነው የሰማችው።

ማን ረታ ላልሽው፣ የረታው ሕጉ ነው። የእሷ አሳማዎች በሕግ የማን እንደሆኑ መርምሬ አንድ መደምደሚያ ላይ ደረስሁ። ስለዚህ ከገና በፊት የግልገሎቹን ጆሮ በእኔ ምልክት፣ በግራው ጫፍ ላይ እንደ ሹካ በተሰነጠቀው፣ አስበጣሁ። በዚህ አገር የከብት ባለቤት የሚታወቀው በጆሮው ነው፤ ጠበቃ ሆኜ በገዛ ግቢዬ ሕገ ወጥ ጆሮ ሲዞር ዝም ማለት አልችልም። ሌላ ዝርዝር አትጠይቂኝ።

ካልሲው ከየት መጣ ላልሽው መልስ የምሰጠው ከማርች ዘጠኝ በኋላ ነው። አትቀየሚኝ። ለአንቺ የተነገረ በሳምንቱ ለአክስታችን ልጅ ለሩሃማ ይጻፋል፤ ለሩሃማ የተጻፈ በማግሥቱ ከኢኖስ ምድጃ ዳር ይነበባል። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ፦ ለአንድ ሰው ቃል ገብቻለሁ። ቃሉ ከባድ ነው። የሚጠይቀኝ ካልመጣ ግን አይከብድም፤ ማንም አይጠይቀኝም።

ኮንኮርድ የምቀመጥበትን ቤት መርጫለሁ። መስኮቱ ወደ ምክር ቤቱ ጉልላት ይከፈታል ይላሉ።

ወንድምሽ፣ በቅርቡ ክቡር፣
አሳሄል

*

ኦሃዮ፣ ማርች 22 ቀን 1847

አሳሄል፣

ሴትየዋ ማን ናት? ተው፣ አትመልስ፤ አውቄአታለሁ።

የሩሃማ ደብዳቤ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። እንዲህ ይላል፦ «ወንድምሽ በሸንጎው የአሳማ ሹም ሆኖ ተመረጠ። ሰዉ ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። ዲያቆን በርባንክ ከሳቁ ብዛት በሰው ትከሻ ተደግፎ ወጣ።»

ደብዳቤውን ለባሌ አነበብሁለት። ኦሃዮ ተወልዶ ያደገ ምስኪን ስለሆነ «ለመሆኑ ይህ ሹመት ምንድን ነው?» አለኝ። እኔ ዌንትፊልድ ያደግሁ ነኝና አስረዳሁት። የአሳማ ሹም ማለት የባዘነ አሳማ አሳድዶ፣ በገመድ አስሮ፣ አፍንጫው ላይ ቀለበት የሚያስገባ የከተማ ባለሥልጣን ነው። ሹመቱም በዚያ ዓመት ሚስት ላገባ ሰው እንጂ ለሌላ አይሰጥም። ሙሽራ ሁሉ ይሾማል፣ ሀብታም አይል ድሃ አይል። ሰው ሁሉ በእሱ ይስቃል፣ እሱም በሚቀጥለው ዓመት በሌላው ይስቃል። ባሌ «ታዲያ ወንድምሽ አግብቷል ማለት ነዋ» አለ። አላጋነንሁም፣ ዳቦው ከእጄ ወደቀ።

ልጆች ሳለን ከአዳራሹ ዕቃ ቤት በር ላይ ሆነን ሹመቱን ስናይ ትዝ ይልሃል? ካደግህ በኋላ በየዓመቱ ተነሥቶ ሙሽራውን የሚጠቁመው ማን ነበር? በላቲን ጭምር እየቀባ፣ የአሳማን ክብርና የሮምን ታሪክ እያያያዘ፣ የድሃውን ልጅ ጆሮ እስኪቀላ የሚናገረው ማን ነበር? ከተማው ውለታ አይረሳም። «አንድ ነገር ልንሰጠው ይገባል» ማለታቸው ይህ ነበር።

አሁን ደግሞ ያ የተረገመ ደንብህ ትዝ አለኝ። መጀመሪያ የተመረጠበት ይጸናል ብለህ የለ? የአሳማ ሹም የሚመረጠው በጠዋት ነው ወይስ ከምሳ በኋላ? ኮንኮርድስ? ሩሃማ እንደ ልማዷ ጠርዙን ሁሉ ዞራ ጽፋ፣ «ከምሳ በኋላ ደግሞ» ብላ ወረቀቱ አለቀባት።

ለእኔ ሳትነግረኝ በማግባትህ አዝኛለሁ። ይህን ያህል ደስ ያለኝ ቀን ደግሞ የለም። ሁለቱንም ለየብቻ መልስልኝ።

ተርዛ

*

ዌንትፊልድ፣ ኤፕሪል 5 ቀን 1847

ውድ እህቴ፣

ጥፋተኛ ነኝ፤ ይግባኝም አልልም።

ባለፈው ኦክቶበር ወንዙን ተሻግረን፣ ቬርሞንት፣ ሁለታችንንም የማያውቅ ዳኛ አጋባን። ምስክሩ የዳኛው ወንድም ነበር፤ በመካከል እንቅልፍ ወስዶታል። እንዴት እንደሆነ አትጠይቂኝ። ይግባኙን ላደርስላት ሄጄ የፖም ጠጅ አቀረበችልኝ። ሁለተኛውን ብርጭቆ ስጠጣ ክሱ ደከመ፤ ሦስተኛው ላይ ማን ከሳሽ ማን ተከሳሽ እንደሆነ ጠፋብኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሚጨቃጨቀኝ ሰው ያለእሷ እንዳልነበረኝ ያን ጊዜ ገባኝ።

የደበቅሁት በደንቡ ምክንያት ነው። የአሳማ ሹም በጠዋት ነው የሚመረጠው፤ ሙሽራ መሆኔ ከታወቀ ኮንኮርድ ቀረች። ደንቡን ሳረቅቅ የአሳማ ሹምነት ሹመት መሆኑን አልዘነጋሁም። የዘነጋሁት እኔ ማግባት የምችል ሰው መሆኔን ነው።

ኬዚያ ምሥጢሩን አልወደደችውም። «እስከ ማርች አፌን እይዛለሁ» አለች። «ካልጠየቁህ ዝም በል። ተጠይቀህ ከካድኸኝ ግን አንተም በእርሻህ እኔም በእርሻዬ እንቀራለን። አንድ ባል ቀብሬአለሁ፤ ሁለተኛውን በቁሙ አልቀብርም።» ቃል የገባሁላት ይህንን ነው። ጉልላቱን ሳስብ ቃሉ ይቀልለኝ ነበር፤ እሷን ሳስብ ይከብደኝ ነበር።

በሸንጎው ቀን አዳራሹ ሙሉ ነበር። ዲያቆን በርባንክ አስተዳዳሪ ተባለ፤ እንደራሴነቱ ቀረበት። ቀጥሎ የአሳማ ሹም ተራ ደረሰና ኢኖስ ቲልተን ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ።

«ሰብሳቢ ሆይ፣ እኔ አሳሄል ክሬንን እጠቁማለሁ።»

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። «አቶ ክሬን፣ ሹመቱ በልማድ የሙሽራ ነው። ሙሽራ ነዎት ወይስ አይደሉም?»

ከኋላ አንዱ «ካልሆነ የመበለቷን አሳማዎች ጆሮ ማን በጣው?» አለ።

«ሰርቋቸው ይሆናላ።»

«ክሬን? መስረቅ ወኔ ይጠይቃል።»

«ማግባትስ?»

ተርዛ፣ በሕጋችን የሚስት ከብት የባሏ ነውና፣ በአሳማዎቿ ጆሮ ላይ ሹካዬን ያየ ሰው ሁሉ ከገና ጀምሮ ያውቅ ነበር። ማወቃቸውን ያላወቅሁ እኔ ብቻ ነበርሁ።

ሴቶቹ በዕቃ ቤቱ በር ላይ ለምሳ ከአሳማ ሥጋ ጋር የተጋገረውን ቦሎቄ ያወጡ ነበር። ኬዚያም አለች። ጭልፋዋ በአየር ላይ ቆሟል፣ አይወርድም፣ አይወጣም። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ልታስፈራራኝ ብትሞክር ይሻለኝ ነበር። «አይደለሁም» ማለት አንድ ቃል ነው። ማስረጃው ወንዝ ማዶ ነው፤ ምስክሩ ተኝቶ ነበር። እንደ ጠበቃ ስመዝነው የማይረታ ክርክር ነበረኝ። አራት ጊዜ የተመኘሁት ወንበር ከአንድ ቃልና ከአንድ ምሳ በኋላ ይጠብቀኛል።

ተነሣሁ። «ከኦክቶበር ጀምሮ ነኝ» አልሁ። «ሚስቴም ያቻት፣ ጭልፋ የያዘችው።»

የተነሣውን ጩኸት አልነግርሽም። እየጎተቱ ወስደው አስማሉኝ፣ ገመድ በአንገቴ አጠለቁልኝ፣ ኢኖስ በኪሱ አዘጋጅቶት የመጣውን የአፍንጫ ቀለበት በብር ሳህን አቀረበልኝ። እኔ በየዓመቱ ስናገረው የነበረውን የላቲኑን ንግግር ቃል በቃል በቃሉ አጥንቶት ኖሯል፤ ከእኔ አሳምሮ ተናገረው።

ኬዚያ ሳህኔን እስከ አፉ ሞላችው። «ብላ እንግዲህ፣ ሹም» አለችኝ። «ጋብቻዬን ለሰው አልናገርም ብለህ ለአሳማ ጆሮ ነገርኸው።» ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት ኮሌታዬን አስተካከለችልኝ። ይህን ያደረገችው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ እስከዚያ ድረስ በሰው ፊት «ጠበቃው» ብላ ብቻ ነበር የምታልፈኝ።

እህቴ ሆይ፣ የእርሻዎቻችንን የወሰን አጥር በማግሥቱ አፈረስነው። የተሟገትንበትን አጥር ማለቴ ነው። እየነቀልሁ እዘፍን ነበር፤ ላሞቹ ሸሹ። አዎ፣ ጉልላት አጣሁ። ግን ሰው በሕይወቱ አንዴ ሙሉ ከተማ እያየው፣ የተመኘውን ሁሉ በአንድ እጁ፣ ሚስቱን በሌላ እጁ ይዞ ቢመዘን፣ እኔ ተመዝኛለሁ። ምን እንደከፈልሁ ኬዚያ ታውቃለች። ትናንት ለጎረቤት ስትናገር ሰማኋት፤ «ኮንኮርድን ለእኔ ሲል ተወ» አለች። ዛሬ ተቀምጬ በላሁ።

ከምሳ በኋላ የሆነውን እንዳልጽፍ ወረቀቱ እያለቀ ነው።

ወንድምሽ አሳሄል

*

ኦሃዮ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1847

አሳሄል፣ የእኔ ወንድም፣

ደብዳቤህን ጮክ ብዬ አነበብሁት። ባሌ ጭልፋው ላይ ስደርስ «ፈረሱን ልይ» ብሎ ወጣ። ፈረሱ በመስኮት ሜዳው ላይ ይታየኛል፤ ባሌ ወደዚያ አልሄደም፣ ከጎተራ ኋላ ቆሞ አፍንጫውን ያብሳል። ጥርሱ ሲነቀል ያላለቀሰ ሰው ነው።

ከዚያ ብርድ ልብስ አብረውኝ ለሚሰፉት ሴቶች አነበብሁላቸው፤ መርፌ የጠፋባት አለች። እነሱ ለባሎቻቸው ነገሩ። እሑድ ቄሳችን ስምህን ሳይጠራ «በምሥራቅ ያለ አንድ ወንድም የዓለምን ወንበር ስለ ሚስቱ ናቀ» ብሎ ሰበከ። ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። ለአርባ ዓመት በአንተ አፍሬ ኖሬ ነበር፤ በአንድ እሑድ ተከፈለኝ።

ለኬዚያ አንድ ብርድ ልብስ ልኬአለሁ። እህቴ ናትና «እህቴ ብላሻለች» ብለህ ንገራት። ካልሲህን መሥራቷን ትቀጥል፤ እጄ አርፏል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ወረቀት ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ የሚያልቀው የዌንትፊልድ በሽታ ነው ወይስ ምን? አንተ የተውኸውን ወንበር ማን ወሰደው? ሴቶቹ ስሙን አምጪ ብለው ይዘውኛል፤ ሊጠሉት ነው።

ተርዛ

*

ዌንትፊልድ፣ ሜይ 6 ቀን 1847

ውድ እህቴ፣

ብርድ ልብሱ ደረሰ። ኬዚያ ስፌቱን በመስኮት ብርሃን አገላብጣ «ይቺ ሴት ታውቅበታለች» አለች። ከእሷ አፍ ይህ መዝሙር ነው። ጉዳዩን ልንገርሽ ብዬ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ተቋረጥሁ፤ ሥራ በዝቶብኛል። ኮርማ የሚያክል የዲያቆን በርባንክ አሳማ ትናንት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ባዝኖ ተገኘ። በሥልጣኔ አሳደድሁት፤ በመቃብሮቹ መካከል፣ በወንዙ ዳር፣ በኢኖስ ሱቅ በፊት ለፊት በር ገብቶ በጓሮ በር ወጣ። ከበርሜሎቹ ኋላ ያዝሁት። ዲያቆኑ ጢሙን እየነቀለ ሲያይ፣ ቀለበቱን እንደ ሕጉ አስገባሁለት። ከተማው አጨበጨበ። ተርዛ፣ ሰው ሥልጣን ሲያምረው ለምን ሩቅ ይመኛል?

የኮንኮርዱን ቤት ኪራይ ሰርዣለሁ። ንግግሬን ለአሳማዎቹ አነበብሁላቸው፤ ሦስተኛውንም ገጽ ጨምሬ። ቆመው ሰሙኝ።

የአሳማ ሹሙ ወንድምሽ፣
አሳሄል ክሬን

ከፈረምሁ በኋላ ጥያቄሽ ትዝ አለኝ። ለሴቶቹ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ የምልክላቸው ስም ግን የለኝም። ኢኖስ እንደሚለው ነገሩ ያለቀው በጃንዋሪ ነው፣ ከምድጃው ዳር፣ እኔ ሚስማሩን ትቼ ከወጣሁ በኋላ። በሸንጎው ቀን ከምሳ በኋላ የእንደራሴው ተራ ሲደርስ፣ የእንደራሴው ወጪ ከከተማው ካዝና ስለሚከፈልና የባለ ጣሪያው ድልድያችን ጣሪያ መታደስ ስላለበት፣ ዌንትፊልድ ዘንድሮ ወደ ኮንኮርድ ማንንም እንዳይልክ ያለ ተቃውሞ ተወሰነ።